ከካርድ ክፍል እስከ ሐኪሙ በር

አንተነህ አሰፋና ደላየሁ በቀለ የተባሉ ተመራማሪዎች በአዲስ አበባ በአንድ ሆስፒታልና በጤና ጣቢያዎች የወለዱ 173 እናቶችን ጠይቀው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2015 አሳትመዋል። ጥያቄዎቹ ዝርዝር ነበሩ። ያዋለደሽ ባለሙያ ማንነቱን ነግሮሻል? የሚያደርግልሽን አስረድቶሻል? ፈቃድሽን ጠይቋል? መጋረጃ ተጋርዶልሻል? ብቻሽን የተተውሽበት ጊዜ ነበር? መልሱ ሲደመር ከእናቶቹ 78.6 በመቶ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ዓይነት ክብርን የሚነካ አያያዝ ደርሶባቸዋል። ክብራቸው እንደተነካ በራሳቸው አንደበት የተናገሩት ግን 16.2 በመቶ ብቻ ናቸው።

ሴቶቹ አልዋሹም። ወላድ ሊጠይቅ የሚመጣ ሰው በብዙ ቤት አፉን የሚከፍተው "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ብሎ ነው። ከሞት ተርፋ፣ የልጇን ለቅሶ ሰምታ ወደ ቤቷ የተመለሰች እናት መጋረጃው መጋረዱን አለመጋረዱን አትቆጥርም። ሐኪም ቤት የሚኬደው ለመዳን ነው፤ ከተዳነ ተመስገን ነው። ከሆስፒታል የተመለሰ ሰው "ሕክምናው እንዴት ነበር?" ሲባል "ደኅና ነው፣ እግዜር ይስጣቸው" ብሎ ይጀምራል። ዝርዝሩ የሚመጣው ቡና ከቀረበ በኋላ ነው። ስንት ቀን እንደተመላለሰ፣ የትኛው መስኮት ምሳ ሰዓት ደርሶ እንደተዘጋበት፣ ውጤቱ ጠፍቶ ደሙን እንደገና እንደሰጠ ያኔ ያወራል።

ያንን ዝርዝር ልብ ብሎ ላዳመጠ አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። ታካሚ በትልቅ ሆስፒታል በብዛት የሚንገላታው ሐኪም ፊት ተቀምጦ ሳለ አይደለም፤ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲሄድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ፣ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የተሠራ ጥናት ይህንኑ በቁጥር አስቀምጦታል። በአጠቃላይ 77 በመቶ ታካሚዎች በአገልግሎቱ ረክተዋል። ከሁሉ የበለጠው እርካታ፣ 82.7 በመቶ፣ የተመዘገበው ሐኪሙ በመረመረበት ሁኔታ ላይ ነው። ከሁሉ የከፋው ቅሬታ፣ 46.9 በመቶ፣ ደግሞ ሐኪሙ ዘንድ እስኪደረስ በጠፋው ጊዜ ላይ ነበር። የመድኃኒት እጥረት፣ በቂ መረጃ አለማግኘት፣ የንጽሕና ጉድለት፣ ገመናን የሚሸፍን ቦታ ማጣትና የመጠየቂያ ሰዓት ማነስ በቅሬታነት ተከትለዋል። ታካሚዎቹ የሐኪሙን እጅ አመስግነው በመንገዱ ላይ አማርረዋል።

የሪፈሩ ወረቀት

መንገዱ የሚጀምረው ከሆስፒታሉ ግቢ ርቆ ነው። የኢትዮጵያ የጤና አገልግሎት በሦስት እርከን የተዋቀረ ነው። ከታች ጤና ኬላ፣ ጤና ጣቢያና የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል አሉ። በመካከል ጠቅላላ ሆስፒታል፣ ከላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይቀመጣል። በወረቀት ላይ ባለው ስሌት በከተማ አንድ ጤና ጣቢያ ለ40 ሺህ ሰው፣ አንድ ጠቅላላ ሆስፒታል ከ1 እስከ 1.5 ሚሊዮን ለሚደርስ ሕዝብ፣ አንድ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ደግሞ ከ3.5 እስከ 5 ሚሊዮን ለሚደርስ ሕዝብ ያገለግላል። ታካሚው ከታች ተነሥቶ፣ ያልተቻለው ብቻ በሪፈር ወደ ላይ እንዲወጣ ነው የታሰበው።

የዚህ መሰላል ጫፍ ለብዙ ኢትዮጵያዊ ጥቁር አንበሳ ነው። ሆስፒታሉ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሲከፈት የሐረር መስፍን ለነበሩት ልዑል መኰንን መታሰቢያ ተብሎ ነበር፤ የአሁኑን ስሙን ያገኘው ከአብዮቱ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ከጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተዛውሮ ዋናው የሕክምና ትምህርት ቤት ማስተማሪያ ሆነ። ከ700 በላይ አልጋዎች ያሉት ሲሆን በየዓመቱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ይታከሙበታል። አዲስ አበባ ጳውሎስ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረው ምኒልክ፣ ዘውዲቱ፣ የካቲት 12፣ ራስ ደስታና ጋንዲ የተባሉ ሆስፒታሎችም አሏት። ሁሉም ሥራ በዝቶባቸዋል። ሆኖም "ሪፈር ጻፉልኝ" የሚል ታካሚ በልቡ የሚያስበው አብዛኛውን ጊዜ ጥቁር አንበሳን ነው።

ይህ ያለ ምክንያት አልመጣም። አንዳንድ ሕክምና ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ የተገኘው በአንድ ቦታ ብቻ ነበር። የጨረር ሕክምና በጥቁር አንበሳ፣ የኩላሊት ንቅለ ተከላ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2015 ጀምሮ በጳውሎስ ሆስፒታል፣ የሕፃናት የልብ ቀዶ ሕክምና ዶክተር በላይ አበጋዝ ባቋቋሙት፣ በጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ በሚገኘው የልብ ማዕከል ነበር የሚፈለገው። ከጎዴም ይምጣ ከመተማ፣ ታካሚው የሚቆመው እዚያው ሰልፍ ላይ ነበር። በሌላ በኩል በቅርቡ ጤና ጣቢያ ሊታይ የሚችል ጉንፋንና የጨጓራ ሕመም ይዞ በቀጥታ ወደ ትልቁ ሆስፒታል የሚመጣ የከተማ ሰውም ብዙ ነው። ጤና ጣቢያውን ስለማያምነው እንጂ ለመንገላታት ብሎ አይደለም።

የሪፈሩ ወረቀት ራሱ የታካሚውን ዕድል ይወስናል። በደንብ የተጻፈ ሪፈር ምን እንደተጠረጠረ፣ ምን እንደተመረመረ፣ ምን መድኃኒት እንደተሰጠ ይናገራል። "ለተሻለ ሕክምና" የሚል አንድ ሐረግ ብቻ ይዞ የመጣ ታካሚ ግን እዚያ ያደረገውን ምርመራ እዚህ ከዜሮ ይጀምራል፤ በድጋሚ ይከፍላል፣ በድጋሚ ይወጋል።

መስኮትና ወረፋ

የተመላላሽ ታካሚ ቀን ከንጋት በፊት ይጀምራል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ በር ላይ የደረሰ ሰው ቀድሞ የመጣ ሌላ ሰው አያጣም። ጥበቃው የመጀመሪያው የሆስፒታሉ ፊት ነው። ፈትሾ ያስገባል፣ አቅጣጫም ይጠቁማል። ለብዙ ታካሚ መረጃ ለመስጠት በቂ ጊዜ የነበረው ብቸኛው ሠራተኛ እሱ ሆኖ ይቀራል።

ከዚያ ካርድ ክፍል ነው። አዲስ ከሆነ ካርድ ያወጣል፤ ነባር ከሆነ ፋይሉ ተፈልጎ እስኪወጣ ይጠብቃል። ከካርድ ክፍል ወደ ተመላላሽ ክፍል ይሄዳል። ሐኪሙ አይቶ የደም፣ የሽንት ወይም የራጅ ምርመራ ያዛል። ለምርመራው ካሸር ጋ ተሰልፎ ይከፍላል፤ ደረሰኙን ይዞ ላቦራቶሪ ይሰለፋል፤ ናሙና ሰጥቶ ውጤት ይጠብቃል፤ ውጤቱን ይዞ ወደ ሐኪሙ ሲመለስ እንደገና ይሰለፋል። መድኃኒት ከታዘዘ ፋርማሲው ሌላ መስኮት ነው። ሐኪሙ ፊት የሚቀመጥበት ጊዜ ከሩብ ሰዓት ባይበልጥም ቀኑ አልቋል። አንዱ ማሽን ተበላሽቶ ከሆነ፣ ወይም ውጤቱ ከሰዓት በኋላ ከደረሰ፣ "ነገ ተመለስ" ይባላል። ይህች "ነገ" ለአዲስ አበባ ነዋሪ የታክሲ ሒሳብ ናት። ከአርሲ ወይም ከወሎ ለመጣ ገበሬ ግን የአልጋ ኪራይ፣ የምግብ ወጪና በጎረቤት አደራ የተተወ ከብት ናት።

ችግሩን የሚያባብሰው መስኮቶቹ እርስ በርስ አለመነጋገራቸው ነው። ወረቀቱን ከክፍል ክፍል የሚያመላልሰው ታካሚው ራሱ ነው። ማንበብ የማይችል፣ አማርኛ የማይናገር ወይም አቅሙ የደከመ ሰው ደግሞ የሚያነብለት፣ የሚተረጉምለትና የሚሮጥለት ሰው ካላገኘ መንገዱን አይጨርስም። አፋን ኦሮሞ፣ ሱማሊኛ ወይም ሲዳምኛ ብቻ የሚናገር ታካሚ ሐኪም ፊት ሲቀርብ አስተርጓሚው ማን ይሆናል? ቋንቋውን የሚያውቅ የሕክምና ተማሪ ከተገኘ ዕድለኛ ነው። ካልተገኘ የጽዳት ሠራተኛዋ ወይም ተራ የሚጠብቅ የማያውቀው ሰው ይጠራል። እንዲህ ሲሆን የማሕፀን ሕመም፣ የአባላዘር በሽታ፣ የመካንነት ጭንቀት በባዕድ ጆሮ ያልፋል። ያፈረ ሰው ደግሞ ዋናውን ነገር ይደብቃል፤ ሐኪሙም ያልተነገረውን ሊያውቅ አይችልም።

በአዲስ አበባ ሆስፒታሎች የወረቀት ካርዱ ቀስ በቀስ ወደ ኮምፒውተር እየተዛወረ ነው። በተሳካበት ቦታ የፋይል ፍለጋው ሰልፍ ያጥራል፤ የላቦራቶሪ ውጤትም ያለ ተሸካሚ ሐኪሙ ጋ ይደርሳል። መብራትና ኔትወርክ በተቋረጠ ቀን ግን ሁሉም ወደ ወረቀቱ ይመለሳል።

በድንገተኛ በር

በድንገተኛ ክፍል ሥርዓቱ ይለያል። እዚያ ቅድሚያ የሚሰጠው ቀድሞ ለመጣ አይደለም። በመግቢያው ላይ ያለችው ነርስ የልብ ምቱን፣ አተነፋፈሱን፣ የደም ግፊቱን፣ የሙቀት መጠኑንና ንቃቱን ለክታ ታካሚውን በቀለም ትለያለች። ቀይ የሆነው አሁኑኑ ካልታየ የሚሞት ነው። ብርቱካናማው ብዙ ሊቆይ አይገባውም። ቢጫው ሊጠብቅ ይችላል፤ አረንጓዴው በእግሩ የመጣና የማያሰጋ ነው። ይህ ልየታ ብዙ ሕይወት ያድናል። እጁ ተሰብሮ ለሰዓታት የተቀመጠው ሰው ግን ከኋላው የመጣው በቃሬዛ ሲያልፈው የሚያየው ነገር ሌላ ነው፤ "ዘመድ አለው" ይላል። የቀለሙን ትርጉም የሚነግረው ሰው ቢኖር ኖሮ ሕመሙ ባይቀንስም ቁጣው ይቀንስ ነበር።

የድንገተኛ ሕክምና በኢትዮጵያ ራሱን የቻለ የስፔሻሊቲ ትምህርት የሆነው በቅርቡ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከአሜሪካው ዊስኮንሲንና ከካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ሆኖ ሥልጠናውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ከዚያ በፊት በሌሊት በዚያ በር የገባን ሰው በአብዛኛው የሚቀበሉት ገና በትምህርት ላይ ያሉ ወጣት ሐኪሞች ነበሩ። ዛሬ በጥቁር አንበሳም ሆነ በጳውሎስ ሥር ባለው የቃጠሎ፣ የድንገተኛና የአደጋ ሆስፒታል፣ በአቤት፣ በሙያው የሠለጠኑ ስፔሻሊስቶች አሉ። አምቡላንስ ሲያስፈልግ የቀይ መስቀል ስልክ 907 ነው። ያም ሆኖ ብዙ ሰው አሁንም በታክሲ ወይም በጎረቤት መኪና ነው የሚደርሰው።

በድንገተኛ በር የሚፈራው ቃል "አልጋ የለም" ነው። ደንቡ አንድ ሆስፒታል ታካሚ ከመላኩ በፊት በላይዘን (አገናኝ) ቢሮው በኩል ወደ ተቀባዩ ደውሎ አልጋ መኖሩን ያረጋግጥ ይላል። በተግባር ቤተሰብ ራሱ ታካሚውን ይዞ ከሆስፒታል ሆስፒታል የሚዞርበት ሌሊት አለ። በየደረሰበት የሚነገረው መልስ እውነት ነው፤ አልጋው በእርግጥ ሞልቷል። ስህተቱ ያለው ሳይደወል በተላከበት ቦታ ላይ ነው።

አስታማሚ፣ ደመወዝ የሌለው ሠራተኛ

አልጋ ላገኘ ታካሚ ከጎኑ አስታማሚ አለ። በኢትዮጵያ ትልልቅ ሆስፒታሎች አስታማሚ ጠያቂ ብቻ አይደለም። ታካሚውን ያጥባል፣ ያገላብጣል፣ ያበላል፣ ሽንት ቤት ያደርሳል። ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ይወስዳል፤ ውጤት ያመጣል። ግሉኮሱ ሲያልቅ ነርሷን የሚጠራው እሱ ነው። ሆስፒታሉ ውስጥ የጠፋ መድኃኒት ሲታዘዝ ወረቀቱን ይዞ ወደ ከነማ ፋርማሲ፣ ወደ ቀይ መስቀል ፋርማሲ፣ ከዚያም በየግል ፋርማሲው ይዞራል። ሌሊት አልጋው ሥር ወይም ኮሪደር ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ይተኛል።

ቀዶ ሕክምና ሲቃረብ ሌላ ሥራ ይመጣል። የደም ባንክ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2012 ከቀይ መስቀል ወደ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከተዛወረ ወዲህ በፈቃደኛ ለጋሾች ላይ እንዲመሠረት ብዙ ተሠርቷል። እጥረት ሲኖር ግን "ምትክ ደም አምጡ" መባሉ አልቀረም። ከገጠር አንድ ወንድሙን ብቻ አስከትሎ የመጣ ሰው ሦስት ለጋሽ ከየት ያመጣል? በዚያን ጊዜ የሚደርሱለት ብዙውን ጊዜ የአገሩ ልጆች፣ የጎን አልጋ አስታማሚዎችና የሕክምና ተማሪዎች ናቸው።

ይህ ሁሉ ሥራ በሆስፒታሉ በጀት ውስጥ የለም። አስታማሚው የት እንደሚያድር፣ የት እንደሚታጠብ፣ ምን እንደሚበላ ሕንፃው ሲታሰብ ቦታ አልተተወለትም። ነርሷም ብትሆን በሥሯ ካሉት ታካሚዎች ብዛት የተነሣ አስታማሚ የሌለውን ሰው ልደግፈው ብትል አትችልም። ዘመድ አልባ ታካሚ በአንድ ክፍል ውስጥ ሲገኝ የጎን አልጋው ቤተሰብ ሾርባውን ያካፍለዋል፣ ልብሱን ያጥብለታል። ከዚህ ደግነት ውጪ የተዘጋጀለት ነገር ጥቂት ነው።

የጠያቂው ብዛት ደግሞ በሌላ በኩል ይመዝናል። ዕድሩ፣ ማኅበሩ፣ የመሥሪያ ቤት ባልደረባው አጥሚትና ብርቱካን ይዞ ይመጣል። ለታማሚው ይህ መድኃኒት ነው፤ የተረሳ ሰው አለመሆኑን ያውቃል። ስድስት አልጋ ባለበት ክፍል ሠላሳ ሰው ሲገባ ግን ለተላላፊ ሕመም በር ይከፈታል። በረኛውና ጠያቂው በየቀኑ የሚጣሉት በዚህ ነው።

ሃያ አንድ ቀን

የትልቅ ሆስፒታል ተሞክሮ ከሁሉ የሚከብደው የካንሰር ታካሚ ላይ ነው። ኬሞቴራፒ ብዙውን ጊዜ በየ21 ቀኑ ይሰጣል። ይህ ሰውነት አገግሞ የደም ሕዋሳት ቁጥር እስኪመለስ የሚያስፈልገው ጊዜ ነው። የጨረር ሕክምና ደግሞ በትንንሽ መጠን ተከፋፍሎ ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ፣ ለሳምንታት ይቀጥላል። ለሁለቱም ታካሚው አልጋ ይዞ መተኛት ላያስፈልገው ይችላል፤ ነገር ግን ከከተማው መራቅ አይችልም። ስለዚህ ከሩቅ የመጣ ሰው ሕክምናውን ቢያገኝ እንኳ ማደሪያ ያጣል።

የጨረር ሕክምና በጥቁር አንበሳ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 በኮባልት መሣሪያ ነው። ኮባልት-60 በየአምስት ዓመት ከሩብ ገደማ ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል። ምንጩ ሲደክም ያንኑ መጠን ለመስጠት አንዱ ታካሚ ማሽኑ ሥር የሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል፤ በቀን የሚታከመው ሰው ይቀንሳል፤ ሰልፉ ይረዝማል። ለመላው አገር አንድ ማዕከል በነበረበት ዘመን ቀጠሮ የሚሰጠው በወራት ነበር። እብጠት ግን ቀጠሮ አያውቅም። ሊድን ይችል የነበረ ሕመም ተራው እስኪደርስ ሥቃይን ብቻ ወደማስታገስ የተሸጋገረባቸው ታካሚዎች ጥቂት አልነበሩም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ዘመናዊው ሊኒየር አክስለሬተር በጥቁር አንበሳ ተተክሏል፤ በጅማና በሐረርም አገልግሎቱ ተከፍቶ ጫናውን መጋራት ጀምሯል።

ለማደሪያው ችግር መጀመሪያ መልስ የሰጡት ችግሩ ያቃጠላቸው ሰዎች ናቸው። ሕፃን ልጃቸውን በደም ካንሰር ያጡት አቶ ወንዱ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2004 በልጃቸው ስም የማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን አቋቋሙ። ካንሰር የያዛቸው ልጆች ወላጆች የመሠረቱት ተስፋ አዲስም ከክፍለ ሀገር የሚመጡ ልጆችን ከአሳዳጊዎቻቸው ጋር ያስጠልላል። ሕፃናቱ ከኬሞ በኋላ አውቶቡስ መናኸሪያ ከማደር ተርፈው፣ የሚቀጥለው ዙር እስኪደርስ ምግብና አልጋ ያገኛሉ። ሕክምናውን አቋርጦ ወደ ቤት መመለስ ለልጆች ካንሰር ትልቁ ጠላት ስለሆነ፣ ይህ አልጋ የሕክምናው አካል ነው።

መርዶ በኮሪደር

በኢትዮጵያ ባህል ክፉ ወሬ እንዲሁ አይነገርም። መርዶ ሲኖር ወዳጅ ዘመድ ይጠራል፣ ሽማግሌ ይመረጣል፣ ሰዓቱ ይታሰባል፤ ብዙውን ጊዜ ማለዳ ይሆናል። ብቻውን ላለ፣ በመንገድ ላይ ላለ ሰው መርዶ አይነገርም። ማኅበረሰቡ ሐዘን ሰውን እንዳይጥለው ያበጀው ብልሃት ነው።

በትልቅ ሆስፒታል የካንሰር ውጤት የሚነገረው ግን ብዙ ጊዜ በግማሽ በተከፈተ በር፣ ቀጣዩ ታካሚ ካርዱን ይዞ እየጠበቀ፣ ሐኪሙ የሚቀጥለውን ፋይል እየሳበ ነው። ወይም ጨርሶ ለታካሚው አይነገርም። ሐኪሙ ልጁን ወይም ወንድሙን ወደ ጎን ይጠራል፤ ቤተሰቡ "እንዳትነግሩት፣ ሐሳብ ይገድለዋል" ብሎ ይማጸናል። ታካሚው ፀጉሩ እየረገፈ፣ "የጨጓራ ሕክምና ነው" እየተባለ ይቆያል። አብዛኛው ታካሚ ዝም ቢልም ይጠረጥራል። ተራ የሚጠብቅበት ክፍል ምን ክፍል እንደሆነ ከጎኑ የተቀመጠው ሰው ነግሮታል።

ሕጉ በዚህ ላይ ግልጽ ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ አስተዳደርና ቁጥጥር ደንብ ቁጥር 299 ሕክምና ከመሰጠቱ በፊት ታካሚው ተረድቶ ፈቃዱን እንዲሰጥ፣ ምስጢሩም እንዲጠበቅ ያዛል። ያልተነገረው ሰው ሊፈቅድ አይችልም። ሕመሙን ሳያውቅ ኬሞ የጀመረ ሰው ትንሽ ሲሻለው ሕክምናውን ቢያቆም፣ ወይም ሙሉ በሙሉ ወደ ጸበል ቢዞር አያስገርምም፤ የመቀጠሉን አስፈላጊነት ማን ነገረው?

ሆኖም የቤተሰቡ ፍርሃት ከንቱ አይደለም። በኢትዮጵያ የጡት ካንሰር ይዟቸው ወደ ሕክምና ከሚመጡት ሴቶች አብዛኞቹ የሚደርሱት ሕመሙ ሦስተኛና አራተኛ ደረጃ ላይ ሲደርስ ነው። ስለዚህ "ካንሰር" የሚለው ስም በብዙ ቤት የሚታወቀው ከሞት ጋር ብቻ ነው። መውጫው በባህሉ ውስጥ አለ። ታካሚው "ውጤቱን ስትሰማ ማን አብሮህ ቢኖር ትወዳለህ?" ተብሎ አስቀድሞ ቢጠየቅ፣ ያ ሰው ተጠርቶ፣ በር ተዘግቶ፣ ሁለቱም ተቀምጠው ቢነገራቸው፣ ለክፉ ወሬ የሚገባው ክብር ለሕግም ለወግም በአንድ ጊዜ ይሰጣል። ለዚህ አዲስ መሣሪያ አይጠየቅም፤ አንድ ባዶ ክፍልና ግማሽ ሰዓት ይበቃል።

በነጭ ጋዋን በኩል

ግማሽ ሰዓቱ ከየት ይመጣል? ይህን ጥያቄ የሚያነሡት ሐኪሞቹና ነርሶቹ ናቸው። ተረኛ የሆነ ኢንተርን ቀኑን ሠርቶ፣ ሌሊቱን አድሮ፣ በማግሥቱም ይቀጥላል። ጓንት ያልቃል፣ ሪኤጀንት ያልቃል፣ ሲቲ ስካኑ ይበላሻል፤ ለታካሚው "የለም" የሚለውን ቃል የሚናገረው ግን ግዢውን የሚፈጽመው ክፍል ሳይሆን ፊት ለፊት የቆመው ባለሙያ ነው። ስድቡንም የሚቀበለው እሱ ነው። በ2011 ዓ.ም. እና እንደገና በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች በደመወዝና በሥራ ሁኔታ ላይ ያነሡት ጥያቄ ወደ አደባባይ የወጣው ከዚህ ድካም ተጠራቅሞ ነው።

መንግሥት በ2008 ዓ.ም. በጀመረው የጤናው ዘርፍ የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ "ርኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ" ባለሙያ ማፍራትን አንዱ ዋና አጀንዳ አድርጎ ነበር። ሥልጠናው ተሰጥቷል፤ መፈክሩም በብዙ ሆስፒታል ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ርኅራኄ ግን ከሥልጠና ባሻገር ጊዜ ይፈልጋል። በአንድ ጠዋት የማይቻል ቁጥር ያለው ታካሚ የተመደበለት ሐኪም ፊቱን ቀና አድርጎ ስሙን ለመናገር የሚበቃ ፋታ የለውም። ለታካሚው ይህ ንቀት ሆኖ ይታየዋል።

የገንዘቡ ነገርም በዚሁ መካከል ይገባል። የ2009 ዓ.ም. በጀት ዓመትን ወጪ ያሰላው የብሔራዊ ጤና ሒሳብ ከአገሪቱ የጤና ወጪ 31 በመቶ ገደማው በቀጥታ ከቤተሰብ ኪስ እንደሚወጣ አሳይቷል። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ዛሬ ብዙ ቤተሰብን ከዚህ ሸክም ያሳርፋል። ይሁንና መድኃኒቱ በሆስፒታሉ ፋርማሲ ከሌለ የመድኑ ካርድ ማዶ ባለው የግል ፋርማሲ ዋጋ የለውም። ጤና ጣቢያ ሳይነካ፣ ሪፈር ሳይዝ በቀጥታ ወደ ትልቁ ሆስፒታል የሄደ አባልም ወጪውን መድኑ ሙሉ በሙሉ አይሸፍንለትም፤ ይህንን ብዙ ሰው የሚያውቀው ካሸሩ መስኮት ፊት ሲደርስ ነው።

ታካሚው ምን ይጠይቅ?

ሆስፒታል እስኪለወጥ የማይጠብቅ ሕመም ያለበት አንባቢ ከመንገዱ ጥቂቱን በራሱ ማሳጠር ይችላል። ሪፈር ሲጻፍልዎ የተጠረጠረው ሕመምና የተደረገው ምርመራ ተዘርዝሮ እንዲጻፍ ይጠይቁ፤ ኮፒ ያስቀሩ። የቀድሞ ውጤቶችን፣ የራጅ ፊልሞችንና የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ማሸጊያ በአንድ ከረጢት ይያዙ። የጤና መድን ካርድዎ መታደሱን ከቤት ሳይወጡ ያረጋግጡ። የሚነገረውን የሚያስታውስ አንድ ሰው አብሮዎ ወደ ሐኪሙ ክፍል ይግባ። ከክፍሉ ከመውጣትዎ በፊት አራት ነገር ይጠይቁ፦ ሕመሜ ምን ይባላል? ይህ መድኃኒት ለምንድን ነው፣ እስከ መቼስ እወስደዋለሁ? ምን ምልክት ባይ ቀጠሮዬን ሳልጠብቅ ልምጣ? የሚቀጥለው ቀጠሮዬ የት ክፍል፣ ማን ዘንድ ነው? መልሱን ያስጽፉ። ቅሬታ ካለዎት በየሆስፒታሉ የቅሬታ መቀበያ አለ፤ በቃል ከመናገር በጽሑፍ ማቅረብ ይሻላል።

ሆስፒታሎችም አዲስ ሕንፃና ማሽን እስኪመጣ ሊጠብቁ አይገባም። በር ላይ አቅጣጫ የሚያስረዳ ሰው፣ በበርካታ ቋንቋዎች የተጻፈ ምልክት፣ በየፈረቃው የተመደበ አስተርጓሚ፣ ታካሚ ከመላኩ በፊት የሚደወል ስልክ፣ ለአስታማሚ ማደሪያ የሚሆን አንድ አዳራሽ፣ ውጤት የሚነገርበት በር ያለው ክፍል፤ እነዚህ ሁሉ ተደምረው የአንድ ኤምአርአይ መሣሪያን ያህል አያስወጡም። ያለ እነሱ ግን አዲሱም ማሽን የሚያገኘው ታካሚ ሰባት መስኮት ዞሮ የደከመ፣ ሕመሙ ምን እንደሆነ ያልተነገረው ሰው ነው። የሆስፒታል ኃላፊዎች የሚቀጥለውን በጀት ሲያወጡ ከእነዚህ ይጀምሩ።